ትንንሾቹ ምቶች

«ኳሷ ገብታለች። እንደገና!» አለ ፊውዝ።

ኳኳ የድራም ስቲኮቿን አየር ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከግድግዳው ማዶ መረብ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይንጫጫሉ። ኳሳቸው በየደቂቃው እየተስፈነጠረች ሁለቱ ካሉበት የስፖርት ዕቃ ቤት ግድግዳ ጋር ትላተማለች፤ በተላተመች ቁጥር ደግሞ ማይኩ ያለምንም ይሉኝታ ይቀርጻታል።

«በጣም ይሰማል?» አለች።

«ጥርት ብሎ ነዋ! እውነቱን ልንገርሽ? ካንቺ ድራም የእነሱ ኳስ ይሻላል።»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ ፊውዝ! ክንዴ ሊገነጠል ነው።»

ውሸቷን አልነበረም። ትምህርት ካበቃ ጀምሮ አንድ ምት፣ ያንኑ አንድ ምት ስትደጋግም ነው የቆየችው። ስትጀምር ኳሷ ትመጣለች፣ ልትጨርስ ስትል ደወሉ ይጮሃል፣ ሁለቱም ዝም ሲሉ ደግሞ የማይኩ ማቆሚያ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ከበሮው ላይ ይተኛል። ያኔ ፊውዝ ይነሳና ማቆሚያውን ያጠብቃል፤ ሁለት ጣቱን ከከበሮው ጠርዝ በላይ አጋድሞ ከፍታውን ይለካል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማይኩ ወደ መሀል ማየቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጥና «እንደገና» ይላል። ኳኳ ይህን ቃል መስማት አንገሽግሿታል።

ፊውዝ ይህን ስም ያተረፈው ሰባተኛ ክፍል ሳሉ «ድምፅ ማጉያ ሠራሁ» ብሎ አንድ ነገር ሶኬት ላይ ሲሰካ የትምህርት ቤቱን መብራት በሙሉ ስላጠፋ ነው። ርዕሰ መምህሩ ወላጅ አስጠሩበት፤ ተማሪው ደግሞ ስም አወጣለት። የኳኳም ስም የወጣው በሥራዋ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ ይሁን ሳህን፣ የአውቶቡስ ወንበር ይሁን የሰው ትከሻ፣ እጇ የደረሰበትን ሁሉ ስትመታ ነው የኖረችው። እናቷ እንኳ በጣም ካልተቆጣች በቀር በመዝገብ ስሟ አትጠራትም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሊቁ ነው። ሊቁ የትምህርት ቤቱ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሲሆን የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አያምንም። ባለፈው ሳምንት ለወጣቶች የሬዲዮ ፕሮግራም የሚልኩትን ዘፈን ለሙከራ ቀርጸው ሲያዳምጡ ፊቱን አጨማዶ፣ «ይሄ ስኔር ነው ወይስ ካርቶን?» ብሎ ጠየቀ። ዘፋኟ ማሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሊቁም በሳቁ ተበረታታና ከኮምፒውተሩ የወጣ የድራም ድምፅ አሰማቸው። እያንዳንዱ ምት የተወለወለ ነው፤ ስህተት የሚባል ነገር አያውቅም። «ለምን በዚህ አንሠራውም? ድራም መሸከም የለ፣ መጨቃጨቅ የለ» አለ። ኳኳ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣለች እኮ! የተናገረው ግን እንደሌለች ቆጥሮ ነው።

«ማይኩ ነው!» ብላ ጮኸች ያኔ። «የትምህርት ቤቱ ማይክ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሲለፈለፍበት የኖረ ነው። በደህና ማይክ ይቀረጽና እንተያያለን!»

የሙዚቃ መምህርታቸው፣ ተማሪው ሁሉ ቲቸር የሚላቸው፣ ክርክር አይወዱም። «በሉ እንግዲህ ማይኮቹን አወዳድሩና ዓርብ አሰሙኝ» አሉ። «ማይኩ ከሆነ ማይክ እንቀይራለን። ማይኩ ካልሆነ ግን...» ብለው ዓረፍተ ነገሩን እንጥልጥል አድርገው ተዉት። እሳቸው ባይጨርሱትም ኳኳ በሆዷ ጨረሰችው። ማይኩ ካልሆነ በእሷ ቦታ ኮምፒውተር ይቀመጣል። ዘፈኑ የሚቀረጸው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያን ጠዋት እሷ ወይ ድራሟ ላይ ናት፣ ወይ ቤቷ ተኝታለች።

እናም ዛሬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ትንሽ ከበሮ ሦስት ማይክ ተሰልፏል። ስኔር የሚባለው ከሙሉ ድራሙ መሀል ከተጫዋቹ ጉልበት ፊት የሚቀመጠው፣ ከሥሩ ቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠሩበት ከበሮ ነው። ሲመታ ሽቦዎቹ አብረው «ጨስ» ይላሉ። ሰው ዘፈን ሲሰማ ሳያውቀው የሚያጨበጭበው በእሱ ነው። እሱ ከተበላሸ የማሯም ድምፅ፣ የሊቁም ኪቦርድ ዋጋ የለውም፤ ኳኳ ይህን ለእናቷም፣ ለጎረቤትም፣ ለጥርስ ሐኪሟ ሳይቀር አስረድታለች።

የመጀመሪያው ማይክ ያ አናቱ የተጨረማመተው የትምህርት ቤቱ ማይክ ነው። ሦስተኛው የሊቁ ነው፤ በስፖንጅ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ እንደ ጌጥ ተኝቶ ነው የመጣው። ሁለተኛው የአክስቷ ነው። አክስቷ በየአዳራሹ እየዞረች ድምፅ ማጉያ የምትተክል ሴት ናት። ትናንት ማታ ማይኩን ስታወጣላት እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀችውም።

«ስሚ፣ አንቺ ቀበጥ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው። በስቲክ ብትመቺው፣ በስቲክ ነው የምመታሽ።»

«እሺ አክስቴ፣ በጭራሽ አልመታውም።»

«ዝናብ እንዳይነካው። ለሌላ ሰውም እንዳትሰጪ። ደግሞ እንዳትዋሺኝ፣ ብትጥዪው ከመልክሽ ነው የማውቀው።»

ኳኳ ማይኩን በሹራቧ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር ያመጣችው። አሁን ፊውዝ እሱን ማቆሚያው ላይ ሲያስር ሁለት እጇን ከሥሩ ዘረጋች።

«ቀስ! ቀስ በል አልኩህ!»

«አታካብጂ፣ ይዤዋለሁ። በይ፣ ቁጥር ሁለት። ኳሷም ዝም ብላለች።»

ኳኳ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ቀኝ እጇ ጠንካራውን ምት ሲመታ ግራ እጇ በመሀሉ ያሉትን ክፍተቶች በትንንሽ ምቶች ይሞላል። ትንንሾቹ ምቶች ከባድ ጉዳይ ናቸው። ስቲኩ ከከበሮው ቆዳ ብዙም አይርቅም፤ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ የሚነካካ ያህል ነው። የክረምቱን ዕረፍት በሙሉ የተለማመደችው እነሱን ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ትራስ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ በገዛ ጭኗ ላይ። ማንም ልብ ብሎ ባይሰማቸውም ዘፈኑን ወደ ፊት የሚገፉት እነሱ መሆናቸውን ታውቃለች። ደህና ማይክ ቢገኝ ሁሉም ሰው ይሰማቸዋል። ያኔ ሊቁ አፉን ይይዛል።

ስትጨርስ ፊውዝ ሄድፎኑን አወለቀ። የሆነ ነገር ሊናገር ፈልጎ አመነታ።

«ምን?»

«ምንም። ግራ እጅሽ ትንሽ...»

«ግራ እጄን ተወው! አንተ ማይክህን አስተካክል።»

«እሺ፣ እሺ። አትቆጪ።» ወደ ላፕቶፑ ዞረ። «ሦስቱንም ቤት ወስጄ የድምፃቸውን መጠን እኩል አደርጋለሁ። አለዚያ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሰው ሲባል እንዲህ ነው፤ ጮክ ያለውን ይመርጣል።»

ኳኳ ነገሩ ፍትሐዊ መስሎ ስለታያት ደስ አላት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሙዚቃ ክፍል ተሰበሰቡ። ቲቸር ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ለላፕቶፑ ጀርባቸውን ሰጡ። «የማይኩን መልክ ካየሁ ጆሮዬ ይሳሳታል። ቁጥር ብቻ ንገሩኝ» አሉ። ሊቁና ማሯም እንደሳቸው ዞረው ተቀመጡ። ያልዞረችው ኳኳ ብቻ ናት። እሷ ግድግዳው ጋ ቆማ የሦስቱን ፊት ከጎን ታያለች፤ ስፒከሩ ምን እንደሚል ከመስማት ይልቅ የሊቁን ቅንድብ መከታተል ይዛለች።

«ቁጥር አንድ» አለ ፊውዝ።

የሊቁ ቅንድብ ወዲያው ወረደ። ቅጂውን እንኳ አላስጨረሰውም። «ካርቶን። አልኳችሁ እኮ!»

«ማንም አስተያየት አልጠየቀህም፣ ዝም ብለህ ስማ» አሉት ቲቸር።

«ቁጥር ሁለት።»

ማሯ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ጣቷ ጉልበቷ ላይ መምታት ጀመረ። ሊቁ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቲቸር ሳይታወቃቸው ራሳቸውን ያወዛውዛሉ። ኳኳ ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ታመላልሳለች።

«ቁጥር ሦስት።»

«ቆርቆሮ» አለች ማሯ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት ሰጥታ። «ጆሮ ይወጋል።»

ቲቸር ወንበራቸውን አዞሩ። «ምንም አያከራክርም። ሁለት ነው። ንጹሕ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዘፈኑን ይሸከማል። ሊቁ፣ አንተስ?»

ሊቁ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው እየተቸገረ፣ «ሁለት» አለ። «ማለቴ... ሁለት በጣም አሪፍ ነው።»

«ማንኛው ነበር?» ብላ ጠየቀች ማሯ።

«የአክስቴ!» ኳኳ መቆጣጠር አቅቷት ዘለለች። «የአክስቴ ማይክ ነው! አላልኳችሁም? ማይኩ ነው አላልኩም?»

«ብለሻል፣ ብለሻል» አሉ ቲቸር እየሳቁ። «ነገ ጠዋት በዚሁ ማይክ እንቀርጻለን። አንቺም ድራምሽ ላይ ነሽ። በሉ፣ ዕቃውን ሰብስቡና ሂዱ።» ቦርሳቸው ቢሯቸው ስለቀረ ቀድመው ወጡ፤ ማሯም ሊቁን እየጎተተች ተከተለቻቸው።

ኳኳና ፊውዝ ብቻቸውን ቀሩ። ፊውዝ ኬብል ይጠቀልላል። ኳኳ ማይኩን በሹራቧ ለመጠቅለል ጀምራ ተወችው፤ ደስታዋን አንድ ጊዜ ብቻዋን ማጣጣም ፈለገች። ላፕቶፑ ገና አልተዘጋም። ሄድፎኑን አጠለቀችና ቁጥር ሁለትን አስጀመረች።

ፊውዝ ይህን ሲያይ ኬብሉ ከእጁ ወደቀ። «ተይው፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለ፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

ቆንጆ ነበር። ጠንካራው ምት እንደ ተቆለፈ በር ግጥም ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ኳኳ ፈገግ እያለች የትንንሾቹን ምቶች መምጣት ጠበቀች። አልመጡም። ድምፁን ጨመረች። በጠንካሮቹ ምቶች መሀል ባዶ ነው፤ አንዲት የሽቦ ኮሽታ እንኳ የለም። መልሳ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ግራ እጇ የት ሄደ?

ሰው የራሱን እጅ ያውቃል። ኳኳ አራተኛውን ምት ሁልጊዜ በጥቂቱ ታዘገያለች፤ መጥፎ አመል ነው፣ ልትተወው ሞክራ አቅቷታል። እዚህ ግን አራተኛው ምት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ አንድ ዓይነት ሳይሆን፣ ያው ራሱ ነው። የሰው እጅ እንዲህ አይመታም። ይህን ድምፅ የት እንደሰማችው ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ክፍል፣ ከሊቁ ላፕቶፕ ነው የሰማችው።

ሄድፎኑን አውልቃ ወደ ፊውዝ ዞረች። «ይሄ እኔ አይደለሁም።»

«እ?»

«አትሸውደኝ! ይሄ እኔ አይደለሁም። ምንድነው ያደረግከው?»

ፊውዝ ኬብሉን ከመሬት አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ለአንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምን አደረግክ ነው ያልኩህ!»

«በእያንዳንዱ ምትሽ ላይ የሊቁን የኮምፒውተር ስኔር ደረብኩበት። ያንቺን አወረድኩት። እና... በቃ፣ ይኸው ነው።» ከዚያ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ፈገግ አለ። «አይገርምሽም ግን? ሊቁ ካርቶን ብሎ ሰድቦሽ የራሱን ኮምፒውተር መረጠ። አላወቀውም እኮ!»

ኳኳ አልሳቀችም። ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ሳይቀር ግሏል። «ትንንሾቹ ምቶችስ?»

«የቶቹ?»

«በመሀል ያሉት! በግራ እጄ የምመታቸው!»

ፊውዝ ግንባሩን ቋጠረ። «እነዚያ ምት ነበሩ እንዴ? እኔ... ጫጫታ መስለውኝ አጠፋኋቸው።»

ክረምቱን በሙሉ! አንድም ቀን ሳታቋርጥ ትራስ ስትደበድብ የከረመችው ለዚህ ነው? የቅርብ ጓደኛዋ፣ ከሁሉም በላይ ጆሮ አለው የምትለው ልጅ፣ ጫጫታ መስሎት አጠፋው። ሌሎቹ ደግሞ ማጥፋቱን ሰምተው «ንጹሕ ነው» ብለው አደነቁ። እንባዋ መጣ፤ በንዴት መልሳ ዋጠችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ አልሞከርኩም?» አሁን ፊውዝም ድምፁን ከፍ አደረገ። «ግራ እጅሽ አልኩሽ፣ ተወው አልሽኝ። የስኔሩ ሽቦ ላልቷል ልልሽ ስል ማይክህን አስተካክል አልሽኝ። ማይክ፣ ማይክ፣ ማይክ! ቤት ሄጄ ሦስቱንም ሰማኋቸው፣ ኳኳ። ሦስቱም የሚያድኑሽ አልነበሩም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገ ያባርሩሻል። አንቺ የሌለሽበት ባንድ ደግሞ እኔ ምን እሠራበታለሁ? ኬብል ልጠቀልል?»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። ኳኳ ንዴቷ ባይወጣላትም መጮህ ግን አቃታት።

«እውነተኛውን አስቀርተኸዋል?»

«አለ።»

«አሰማኝ።»

«አይጠቅምሽም።»

«አሰማኝ አልኩህ።»

ፊውዝ ከፈተላት። ኳኳ ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ የፈተና ውጤት እንደሚያይ ሰው እያፈጠጠች አዳመጠች። ሽቦዎቹ በእርግጥ ላልተዋል፤ ከምቱ በኋላ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ይላሉ። አራተኛው ምት ይዘገያል። ግራ እጇ አንዳንዴ ይጠነክራል፣ አንዳንዴ ይደክማል፤ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ይስታል። ቀጥላ የቁጥር አንድንና የቁጥር ሦስትን ሰማች። ያው ከበሮ ነው፣ ያው እጅ፣ ያው ዝንብ። አንደኛው ያደበዝዘዋል፣ ሦስተኛው ያሾለዋል እንጂ ሌላ ሰው አያደርጋትም። ማይኩ አልነበረም። ሳምንቱን በሙሉ ማይኩን ስትረግም ከርማ፣ ማይኩ አልነበረም! ተናደደች፤ በሊቁ አይደለም፣ በፊውዝም አይደለም፣ በማን እንደሆነ ለራሷም መናገር አስጠላት።

አንድ ነገር ግን ነበር። በአክስቷ ማይክ በተቀረጸው ላይ፣ ከጥዝዝታው ሥር፣ ትንንሾቹ ምቶች አሉ። በሌሎቹ ሁለት ማይኮች ላይ ፈልጋ አጣቻቸው፤ እዚህ ግን ቢንገዳገዱም፣ ሁለቱ ቢዘሉም አሉ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ በዘፈኑ ማሯ ወደ አዝማቹ በምትገባበት አካባቢ፣ ሁሉም በየቦታቸው ገጥመው ከበሮው ወደ ፊት ተንደርድሮ ይሄዳል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ኳኳ እዚያች ቦታ ላይ ደጋግማ ተመለሰች።

«ስሚኝማ» አለ ፊውዝ፤ ሄድፎኑን እስክታወርድ ጠብቆ ነበር። «ነገም እደርብበታለሁ። ማንም አይነቃም። ዘፈኑ ያልፋል፣ ስምሽ በሬዲዮ ይጠራል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለሽ ግራ እጅሽን ትለማመጃለሽ። ምን ክፋት አለው?»

ኳኳ ክፋት እንዳለው ታውቃለች። እናቷ ሬዲዮኑን ከፍታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ፣ «ስሙ፣ ይህቺ ልጄ ናት!» ስትል ታየቻት። እሷም እዚያው ተቀምጣ የሊቁን ኮምፒውተር ታዳምጣለች። በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ካላለች ነገ ከባንዱ ውጭ ናት። ለመወሰን ሌሊቱን በሙሉ ብታገኝ ትወድ ነበር።

በሩ ተከፈተና ሊቁ አንገቱን አስገባ። «ማይኬን ረሳሁት።»

«እዚያ ሣጥኑ ውስጥ ነው» አለ ፊውዝ ቶሎ ብሎ። ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ፤ ኳኳ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ያዘችበት።

ሊቁ ሣጥኑን አነሳ። ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆሞ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መዛወር ጀመረ። ይህን ልጅ እንዲህ ሲቸገር አይተውት አያውቁም።

«ኳኳ፣ ያ የካርቶን ነገር...» ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ። ኮምፒውተሩን ለነገ ይዤ አልመጣም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ኳኳ ይህን ቃል በወርቅ ባስጻፈችው ነበር። ሊቁ ተሳስቻለሁ ሲል! የሚጠበቅባት «ችግር የለም» ማለት ብቻ ነው። ሁለት ቃል ናት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ፊውዝ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል፤ በይው፣ በይውና እንሂድ ይላታል በዓይኑ።

«ቲቸር ሄደዋል?» አለች ኳኳ።

«ቢሮ ናቸው፣ ሊወጡ ነው። ምነው?»

«ፊውዝ፣ ሄደህ ጥራቸው።»

ፊውዝ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ብዬ?»

«ቁጥር ሁለትን እንደገና ይስሙት በላቸው።»

«ኳኳ...»

«ሂድ በቃ። ሳይወጡ ድረስባቸው።»

ፊውዝ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ከእሷ ወደ ሊቁ፣ ከሊቁ ወደ እሷ አየ። «ድምፁን የነካካሁት እኔ ነኝ» አለ ለሊቁ፤ አንዴ ከጀመረው ወዲያ ቃሉ ተጣደፈበት። «እሷ አታውቅም ነበር። አሁን ነው ያወቀችው። ለቲቸርም ራሴ እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ በኮሪደሩ ሲሮጥ የጫማው ድምፅ ተሰማ።

«ምንድነው የሚቀባጥረው?» አለ ሊቁ።

ኳኳ ወንበር ሳበችለት። ሄድፎኑንም ዘረጋችለት። «ተቀመጥ። ቅድም የመረጥከው የኔ አልነበረም። የኔ ይሄ ነው።»

ሊቁ ግራ እንደተጋባ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሄድፎኑን አጠለቀ። ኳኳ አስጀመረችው። ቅንድቡ ገና ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ መውረድ ጀመረ። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው ላይ ገለል አደረገ።

«ሽቦው ይጮሃል እኮ» አለ። «አራተኛው ምትሽም ይዘገያል። ግራ እጅሽ ደግሞ...»

«አውቃለሁ» አለች ኳኳ። ሄድፎኑን ራሷ ወደ ጆሮው መለሰችው። «ገና ነው። እስከ መጨረሻው ስማው።»